የማያዋጣ ወርቅ

ባለፈው ሰኞ ከካኮ ገበያ ወደ ጂንካ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ከፊቴ ሁለት ወጣቶች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ለጓደኛው ያነብለታል። ስለ አንድ አነስተኛ የወርቅ ፍለጋ ኩባንያ ነው፤ ገና ጀማሪ እንደሆነ፣ አክሲዮኑ አሁን ርካሽ እንደሆነ፣ የዕድገት ተስፋው ግን ብሩህ እንደሆነ። ጓደኛው ይጠይቃል፣ እሱ ይመልሳል። ዝናብ ስለጀመረ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቶ ታፍነናል፤ መኪናው ውስጥ የማር፣ የእርጥብ ልብስና የፍየል ሽታ ተቀላቅሏል። እነሱ ብዙ አወሩ። እኔ ጆሮዬ ላይ የቀረው ግን "ተስፋው ብሩህ ነው" የሚለው ብቻ ነው። ይህን ቃል ከብዙ ዓመት በፊት ከታላቅ ወንድሜ ከዘለቀ አፍ ሰምቼዋለሁ።

ዘለቀና እኔ የተወለድነው ጋሞ ደጋ ላይ ነው። አባታችን ቀድሞ ስለሞተ ያሳደገኝ እሱ ነው። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ባሉት ዓመታት የአገራችን ሰው ሥራ ፍለጋ በየአቅጣጫው ሲበተን እኛም ወደ ጂንካ ወረድን። የአባታችን ሙያ ሽመና ነበር። ዘለቀ ግን ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ረጅም ስለነበር ሽመና አልሆነለትም። ሰው "ከሸማኔ ጉድጓድ ወጥቶ ውሃ ጉድጓድ ገባ" እያለ ይቀልድበት ነበር። እውነትም ነው፤ ጂንካ እንደገባን የያዝነው ሥራ የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። እሱ ከታች ይቆፍራል፣ እኔ ከላይ ሆኜ አፈሩን በባልዲ እስባለሁ። የጂንካ አፈር ቀይ ነው፤ ሲቆርጡት እንደ ሳሙና ይቆረጣል፣ ግድግዳው ያለ ድጋፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እንደዚያ ያለ መሬት ላይ ሥራ የለመደ ሰው መሬት ሁሉ የሚታመን ይመስለዋል።

ዘለቀ የሚቆፍረው ጉድጓድ ሁሉ ውሃ ይወጣው ነበር ማለቴ አይደለም። ደረቅ የሆነበትም አለ። ሰው የሚወደው ደረቅ ሲሆንበት በሚያደርገው ነገር ነው። ሳንቲም ሳይጠይቅ ሌላ ቦታ ይጀምርላቸዋል፤ ያም እምቢ ካለ ሌላ። እኔ ወጣት ነበርኩና ይህ ጠባዩ ያናድደኝ ነበር፤ በነጻ ስስብ የምውለው ገመድ መዳፌን ሲልጠው እነጫነጫለሁ። እሱ ግን ውሃ አለ ብዬ ነው ያስጀመርኳቸው፣ አፌን አምነው ነው፣ ይለኛል። በጸሎት ቤታችን መዝሙር የሚመራውም እሱ ነበር። ከጂንካ ገበያ ኮረሪማና ሙዝ ከሚሸጡት ሴቶች እስከ ሽማግሌዎቹ ድረስ ወንድም ዘለቀ ያለው ነገር ያለ ጥያቄ ያልፍ ነበር።

ያገባት ልጅ ማርታ ትባላለች፤ የአሪ ልጅ ናት። ቤታቸው አውሮፕላን ሜዳው ዳር፣ ከብቶች ሣር ሲግጡ ከሚውሉበት አጠገብ የተከራዩት ነው። ሁለት ልጆች ወልደዋል፤ አንዲት ጥቁር ላም አለቻቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ደግሞ ቤት ሊሠሩበት መሠረቱን የጣሉበት ቦታ ነበራቸው። ማርታ ዝምተኛ ናት። እኔም አብሬያቸው ስኖር ጎደሬ ቀቅላ፣ ጎመን ከትፋ የምታቀርብልኝ እሷ ነበረች። ስትናገርም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለሆነ ሰው ለመስማት ጠጋ ይላት ነበር።

ኩባንያው የመጣው በአንድ ደረቅ ወቅት ነው። ኩባንያ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ አንድ ያረጀ ላንድክሩዘር፣ ጥቂት ድንኳኖችና አቶ ሰይፉ የሚባሉ ሰው ናቸው። አቶ ሰይፉ ዕድሜያቸውን ሙሉ በመንግሥት ሥራ ድንጋይ ሲመረምሩ የኖሩ ጂኦሎጂስት ናቸው። ጡረታ ሲወጡ ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር ገንዘብ አዋጥተው የራሳቸውን የወርቅ ፍለጋ ድርጅት አቋቋሙ። ቆላው ላይ ጉድጓድ የሚቆፍርላቸው ሰው ሲጠይቁ ሁሉም ወደ ዘለቀ ላካቸው።

ከጂንካ ወደ ቆላው ስትወርድ መሬቱ ባንድ ቀን ውስጥ ሌላ አገር ይሆንብሃል። መጀመሪያ እንሰቱና ቡናው፣ እርጥብ ጭጋግ ያረፈበት ኮረብታ፤ ከዚያ ካኮን ካለፍክ በኋላ ግራር፣ የምስጥ ኩይሳና ሙቀት። ሥራችን ከካኮ ቁልቁል፣ አሸዋው ነጭ የሆነ ወንዝ ዳር ነበር። ወንዙ ከዝናብ ወቅት በቀር ደረቅ ነው፤ ውሃው ከአሸዋው በታች ይሄዳል። ምሳችን ብዙ ጊዜ ኩርኩፋ፣ ያ ተድቦልቡሎ የሚቀቀለው የበቆሎ ሊጥ፣ ከሽፈራው ቅጠል ጋር ነው። አካባቢው የበና ሰዎች ግጦሽ ስለሆነ ከብት የሚጠብቁት እየመጡ አጠገባችን ይቀመጣሉ፤ ሸፈሮ፣ ያ የቡና ገለባ ፈልቶ በቅል የሚጠጣው፣ ይሰጡናል። ከነሱ መካከል ዋሌ የሚባል ጎልማሳ በተለይ ከዘለቀ ጋር ተወዳጀ። ቋንቋቸው ብዙም አይገናኝም፤ ግን አብረው መቀመጥ ይወዱ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ሰይፉ ከጉድጓዳችን ከወጣው አሸዋ ጥቂቱን በብረት ሳህን ውስጥ አድርገው በውሃ ያጥቡት ጀመር። ሳህኑን ቀስ ብለው ያዞራሉ፣ ያዘነብላሉ፤ ቀላሉ አሸዋ እየፈሰሰ ከታች ጥቁሩ ብቻ ቀረ። በጥቁሩ ጠርዝ ላይ ቅንድብ የመሰለች ቀጭን ቢጫ መስመር ታየች። አቶ ሰይፉ ይህን መሰሉን ዕድሜ ልካቸውን ስላዩት ብዙም አልተደነቁም። ዘለቀ ግን ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ያያታል። ያን ዕለት መዝሙር እንኳ አላንጎራጎረም። መሬት ውስጥ ገብቶ ውሃና አፈር ብቻ ሲያወጣ ለኖረ ሰው፣ ያቺ መስመር ምን እንደነገረችው እኔ ልረዳው አልቻልኩም ነበር። አሁን ሳስበው፣ ድካማችን ሁሉ በመጨረሻ ትርጉም ሊያገኝ ነው ብሎ ያመነ ይመስለኛል።

የአቶ ሰይፉና የወዳጆቻቸው ገንዘብ ጥልቅ ለሚቆፍረው ማሽን አልበቃም። ስለዚህ ጂንካ ላይ አክሲዮን ለመሸጥ ስብሰባ ጠሩ። አዳራሹ እስከ በሩ ሞላ። አቶ ሰይፉ የተናገሩትን ዛሬም አልረሳሁትም፤ ማንንም አላባበሉም። ወርቅ ፍለጋ እንደ ጉድጓድ ነው፣ ደረቅ ሊሆን ይችላል አሉ። ብዙ ትናንሽ ኩባንያዎች ጀምረው ሳያገኙ ይዘጋሉ አሉ። የልጆቹን ጉርስ ይዞ የመጣ ሰው ካለ ይዞ ይመለስ አሉ። ሰው አጨበጨበላቸው። እንዲህ እውነቱን የሚናገር ሰው ሊታመን ይገባዋል ብሎ ነው ያጨበጨበው።

ከዚያ ከጸሎት ቤታችን ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ያዕቆብ ከመቀመጫቸው ተነሡ። አናጢ ናቸው፤ የራሳቸውን ቤት ክዳን ወደ ቆርቆሮ ለመቀየር ለረጅም ጊዜ ሲያጠራቅሙ የኖሩ ሰው።

"ወንድም ዘለቀ፣ አንተ ምን ትላለህ?" ብለው ጠየቁ።

ዘለቀ ተነሣ። እጁ ላይ ኩባንያው ያደለው ወረቀት ነበር። "እኔ ድንጋይ አልተማርኩም" አለ። "ወርቁን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ። ተስፋው ብሩህ ነው።"

ከዚያ በኋላ ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም።

ሰው ያጠራቀመውን አውጥቶ አክሲዮን ገዛ፤ ዘለቀም ያለውን ሁሉ አስገባበት። መሠረቱን የጣለበትን ቦታ ሸጠ። ከዚያ ላሟን ሊሸጥ ሲነሣ ማርታ ስለ ወርቁ ምንም ክፉ አልተናገረችም። "ወርቁን አልጠላሁም" አለችው፤ "ላሟ ግን ዛሬ ትታለባለች።" እሱ ብዙ አስረዳት። ነገ ስለሚሠሩት ቤት፣ ልጆቹ ስለሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ እኔንም ስለሚድርበት ድግስ ሳይቀር ነገራት። እሷ ሰማችው። በነጋታው የላሟን ገመድ ፈትታ በእጁ ሰጠችው፤ ትንሿን ልጅ አዝላ ወደ ውስጥ ገባች።

ማሽኑ መጣ። ቀን ከቀን ሲጮህ ከረመ። ከጥልቁ የወጣው የድንጋይ ናሙና በከረጢት ታሽጎ ለምርመራ ተላከ። ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ከመጠበቅ የከፋ ሥራ አላውቅም። ዝናቡ መጣ፣ በቆሎው አበበ፣ ቡናው ተለቀመ። በገበያ ቀን ሴቶቹ ዘለቀን ሲያዩ ምን ተሰማ ይሉታል፤ ቅርብ ነው ይላቸዋል። አንዳንዷ ገና ባልተገኘው ወርቅ የልጇን ሠርግ ቀን ቆርጣ ነበር።

ውጤቱ ሲመጣ አቶ ሰይፉ ለማንም ከመንገራቸው በፊት እኛን ጠሩን። ወንዙ ዳር ካለው ትልቅ ሾላ ሥር ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው ከአንገታቸው ሰፍቶ ይታያል።

"ወርቅ አለ" አሉ። "የሚያዋጣ ግን አይደለም። ለማውጣት የሚወጣው ከሚገኘው ይበልጣል።"

ዘለቀ "አለ ብለዋል?" ብሎ ጠየቃቸው።

"አለ፤ በጣም ጥቂትና የተበታተነ ነው እንጂ። ዘለቀ ልጄ፣ ተወው። እኔም ትቼዋለሁ።"

አቶ ሰይፉ ይህንኑ ቃል ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ቆመው ተናገሩ። አልተደበቁም። አንዳንዱ ሰደባቸው፤ አንዳንዱ አለቀሰ። እሳቸው አዲስ አበባ ያለውን የራሳቸውን ቤት ሸጠው ኩባንያው ውስጥ እንዳገቡት የሰማነው ያን ቀን ነው። ሲሄዱ በአውቶቡስ ነው የሄዱት፤ ላንድክሩዘሩም ተሸጦ ነበር። መናኸሪያ ድረስ የሸኘናቸው ዘለቀና እኔ ብቻ ነን። እጃችንን ይዘው ረጅም ጊዜ ቆሙ፤ ከዚያ አውቶቡሱ ውስጥ ገቡ።

ጂንካ ውስጥ ዘለቀን ፊት ለፊት የወቀሰው አንድም ሰው የለም። ይህን የምለው ሰዎቹ ደግ እንደነበሩ እንዲታወቅ ነው። አቶ ያዕቆብ ቤት ድረስ መጥተው የጌታ ፈቃድ ነው፣ ማንም አልተቀየመህም፣ መዝሙሩን ምራ ብለውታል። እሱም እሑድ ተነሥቶ መራ። ግን በገበያ ሲያልፍ ሴቶቹ አጎንብሰው ኮረሪማቸውን መደርደር ጀመሩ። ሠርጉ የተሰረዘባት ልጅ እናት ሰላም ስትለው ዓይኗ ትከሻው ላይ ነው። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሰው ለስድብ መልስ ይሰጣል፤ ለእንዲህ ያለው ሰላምታ ግን ምን መልስ አለው?

በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት ዘለቀ ድጅኖና አካፋውን ይዞ ወደ ወንዙ ተመለሰ። እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ብቻውን ልተወው አልቻልኩም። የኩባንያውን የተተወ ጉድጓድ ጠርጎ ወደ ጎን ይቆፍር ጀመር። አቶ ሰይፉ የተናገሩትን ባስታወስኩት ቁጥር፣ እሱ "ራሳቸው 'ወርቅ አለ' ብለዋል" ይለኛል። ከንግግራቸው ይዞ የቀረው ይህን ብቻ ነበር። ከሳምንት ድካም በኋላ የምናገኘው በወረቀት ጠቅልለን የምንይዘው ብናኝ ነው፤ ለጨውና ለሳሙና እንኳ አይተርፍም። ያን ግን እሱ አይሸጠውም። ያጠራቅመዋል። አንድ ቀን የሰው ሁሉ ድርሻ ሲሞላ ለየቤቱ አዞራለሁ ይላል። ደረቅ ጉድጓድ ሲገጥመው ሌላ እንደሚጀምርላቸው ሁሉ፣ ይህም ለእሱ ያልተፈጸመ ሥራ ነበር።

የወንዝ ዳር መሬት እንደ ጂንካው ቀይ አፈር አይደለም። ጠጠርና አሸዋ ነው፤ ሲቆርጡት ይፈሳል። ግራር እየቆረጥን እንደግፈው ነበር። ደጋግሜ ነግሬዋለሁ፤ ዋሌም በእጁ እያሳየ ነግሮታል። እሺ ይላል፣ አንድ ግንድ ይጨምራል፣ ተመልሶ ይወርዳል።

ሦስተኛው ደረቅ ወቅት ሊያበቃ ሲል እኔን ወባ ጣለኝና ጂንካ ሆስፒታል ተኛሁ። ዘለቀ አልጋዬ አጠገብ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሰኝ ነበር። ትኩሳቴ ሲቀንስ ዝናቡ ሳይደርስ አንድ ሳምንት ልሥራ፣ ዋሌ ገመዱን ይይዝልኛል አለኝ። ግንባሬን ዳሰሰና ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ዋሌ ከወንዙ እስከ ጂንካ በእግሩ መጣ። ከተማ ብዙም ገብቶ አያውቅም፤ የሰው ቤት እየጠየቀ ማርታ ደጅ ደረሰ። እኔ ከሆስፒታል ወጥቼ ፀሐይ ላይ ተቀምጫለሁ። እግሩ እስከ ጉልበቱ አቧራ ነው። ውሃ ስንሰጠው አልጠጣም።

"ወንድምህ መሬት በላው" አለኝ። "እኔ ጠራሁ። እሱ ዝም።"

ማርታ ከውስጥ ሰምታለች። አልጮኸችም። ወጥታ ዋሌን በእጁ ይዛ አስቀመጠችው፤ ውሃውን ራሷ አፉ ላይ ያዘችለት።

ዝናብ የዘነበው ወንዙ ዳር አልነበረም። ርቆ፣ ላይ ደጋው ላይ ነው የዘነበው። ዘለቀ ከታች ሳለ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ውሃው በአሸዋው ውስጥ ሥር ሥሩን መጥቶ ግድግዳውን አለሰለሰው፤ መሬቱ ባንድ ጊዜ ተዘጋ። ዋሌ በእጁ ሲዝቅ ጥፍሩ ተነቅሏል።

ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ አንድ አይሱዙ መኪና ተገኘ። ማን እንደለመነው አላውቅም። አካፋና ዶማ ይዘው የተጫኑትን ሰዎች ሳይ፣ አብዛኞቹ አክሲዮን የገዙት ናቸው። ያ በቆርቆሮው ገንዘብ የተሳተፈ፣ ያ በእርሻ በሬው የተሳተፈ፣ ሁሉም አሉ። ሲቆፍሩ ዋሉ፤ አሸዋው እየተመለሰ ይሞላል። ካኮ ካለ ሰው ቤት ጣውላና ግንድ መጣ። መጨረሻ ላይ ወደ ውስጥ የወረዱት አቶ ያዕቆብ ናቸው፤ ወጣቶቹን እናንተ ልጆች አሏችሁ ብለው ከለከሉ። እኔ ጉልበት ስላልነበረኝ ዳር ተቀምጬ የምሰማው የአካፋ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ የአካፋው ድምፅ ቆመ። አቶ ያዕቆብ ከታች፣ ቀስ ብለው፣ ገመድ ላኩ አሉ።

ወርቅ የምናጥብበት የብረት ሳህን ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ ተቀምጦ ነበር፤ ውስጡ ደርቆ የቀረ ጥቁር አሸዋ አለ። ያ ሁሉ ሰው በላዩ ተመላለሰ። ጎንበስ ብሎ ውስጡን ያየ አንድም አልነበረም።

ጂንካ አምጥተን ቀበርነው። መዝሙር የሚመራ ሰው ስላልነበረ መጀመሪያ ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ሠርጉ የተሰረዘባት ልጅ እናት ጀመረችው። ድምፅዋ መሃል ላይ ሲሰበር ሌሎቹ ተቀበሏት።

ማርታ ልጆቿን ሙዝና ጎመን እየሸጠች አሳደገች። እኔም በጉድጓድ ቁፋሮ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ የቧንቧ ውሃ ሲስፋፋ ተውኩት። ዋሌ እስኪሞት ድረስ በየገበያው ቀን ካኮ ላይ እየጠበቀ ሰላም ይለኝ ነበር። ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አንሥተን አናውቅም።

ሚኒባሱ ጂንካ ሲደርስ ወጣቶቹ እያወሩ ወረዱና ባጃጅ ይዘው ሄዱ። ምንም አላልኳቸውም። ምን ልበላቸው? በእኔ ታሪክ ውስጥ ሌባ ቢኖር ኖሮ ከሌባ ተጠንቀቁ ብዬ እመክራቸው ነበር። ስንት ዓመት ሙሉ የምወቅሰውን ሰው ስፈልግ ኖርኩ፤ አላገኘሁም። አቶ ሰይፉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እውነቱን ተናገሩ። ሰዎቹ በፈቃዳቸው የራሳቸውን ሰጡ። ወንድሜ ያየውን መሰከረ። ወርቁም ቢሆን ነበረ። አንዳንዱ ጥፋት እንዲህ ነው፤ ሁሉም ልክ ሆኖ ሰው ይሞታል።

ወደ ቤት ስሄድ ማርታ ዘንድ ጎራ አልኩ። ጠጉሯ ሸብቷል፣ ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው ዝቅ ያለ ነው። ደጃፏ ላይ ጎመን ትቀነጥሳለች። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት፤ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ስልኩ፣ ስለ አክሲዮኑ። እጇን ሳታቆም ሰማችኝ።

"ልጆቹ እናት አላቸው?" አለችኝ።

አላውቅም፣ አልጠየቅኳቸውም አልኳት።

እጇ ላይ የነበረውን ቅጠል አስቀመጠች።

"መጠየቅ ነበረብህ" አለች፤ "ኋላ ብቻዋን የምትቀረው እሷ ናት።"